የሃይሉክስ ሎው ቁልቁለት ላይ ይዘላል፤ ትራንስፈሩን ልቀይር ወይስ ላስጠግን?

የኩታበር_መንገድ (ጠያቂው) | እሁድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነው የምኖረው፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። የምነዳው የአባቴን ሃይሉክስ ነው። ኤልኤን 106፣ 2.8 ናፍጣ፣ በፈረንጅ የ1994 ስሪት፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ። ከኩታበር ወዲያ ካሉ ቀበሌዎች ድንችና ባቄላ እየጫንኩ ሰኞ ገበያ አደርሳለሁ። የቤታችን እንጀራ ይቺ መኪና ናት።

ችግሩን ልንገራችሁ። ፎር ዊል ሎው (አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚሄድበትን ማርሽ) አስገብቼ ቁልቁለት ስወርድ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ እንዳነሳሁ ማንሻው «ጧ» ብሎ ይወጣል። ኒውትራል ላይ ይቆማል። ከዚያ ሞተሩ መኪናዋን አይዛትም፣ በራሷ ክብደት መንደርደር ትጀምራለች። ባለፈው ሐሙስ በበልጉ ጭቃ ላይ እንዲህ ሆነብኝ። 8 ኩንታል ድንች ጭኛለሁ፣ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረግኩ ከዳገቱ በኩል ካለው አፈር ጋር አስጠግቼ አቆምኳት። እህቴ ደሴ እስክንገባ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ድምፅም አላት። ሃይ (ፈጣኑ ማርሽ) ላይ ብዙም አይሰማም። ሎው ላይ ግን ታላዝናለች፣ ማንሻውም እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ያሳየሁት ጋራዥ «ትራንስፈሩ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይረው» አለኝ፤ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኃይል ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ማለቱ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ያገለገለ አግኝቻለሁ። ሻጩ «የሃይሉክስ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ይላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ልግዛው? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የሐረጎ_ሾፌር | እሁድ ማታ

ወንድሜ፣ እንኳን እግዜር አተረፋችሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ሾፌር ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ሐረጎን ስወጣ ስወርድ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ያቺ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሞተር መውረድን ያላወቀ ሰው ፍሬን እንዴት እንደሚጨስ ታስተምራለች። የአንተ ደግሞ ጭቃ አለበት።

አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። ይሄ ሳይሠራ ጭነት ይዘህ ገደል ያለበት መንገድ አትውረድ። ስታቆማትም ማርሽ ውስጥ ትቻታለሁ ብለህ አትተማመን። ትራንስፈሩ ኒውትራል ላይ ከወጣ፣ ካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ላይ ቢሆንም ጎማው ነፃ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ። አንድ የማውቀው ልጅ ይሄን ባለማወቁ መኪናው ባዶዋን ሄዳ ከአጥር ጋር ተጋጭታበታለች።

አሮጌ_መፍቻ | ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። መፍቻ ከያዝኩ 40 ዓመት አልፎኛል። ትራንስፈሩ አልቋል ተብሎ ከመጣልኝ ውስጥ ብዙው እውነትም አልቆ አላገኘሁትም። ስለዚህ ገንዘብህን ከኪስህ ሳታወጣ ሦስት ነገር እይልኝ።

መጀመሪያ ማንሻውን። ጋቢና ውስጥ ላስቲኩን ግለጥና ንቀለው። የካምቢዮው ማንሻ ቆቡን ወደ ታች ተጭነህ ስታዞረው ይወጣል። የትራንስፈሩ ግን በቀለበት ነው የተያዘው፣ የቀለበት ፒንሳ ያስፈልግሃል። ጫፉ ላይ የጣት ቀለበት የምታክል ፕላስቲክ ቡሽ አለች። ከ30 ዓመት በኋላ ብዙ ጊዜ ተሰባብራ ነው የማገኛት፣ አንዳንዴም ጨርሳ የለችም። እሷ ከሌለች ማንሻው ማርሹን እስከ መጨረሻው አይገፋውም። ጥርሱ ግማሹን ብቻ ይነክሳል። ግማሽ የነከሰ ጥርስ ደግሞ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ይለቃል። ዋጋዋ ከትራንስፈር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ቀጥሎ የካምቢዮውን መቀመጫ ጎማ። ካምቢዮውንና ትራንስፈሩን ተሸክሞ መስቀለኛው ብረት ላይ የሚያርፈው ማለቴ ነው። ክሪክ አስገብተህ ቀስ ብለህ ከፍ አድርግ። ጎማው ከብረቱ ተላቆ አፉን ከከፈተ፣ ነዳጅ በሰጠህና በለቀቅክ ቁጥር ያ ሁሉ ብረት ይነሳል ይወርዳል። ማንሻው የወለሉን ቀዳዳ ጠርዝ ሲገፋው እሱም ያስወጣዋል።

ከዚያ ዘይቱን። እዚህ ላይ ልብ በል፤ የመሙያውን ቡሎን ነው ቀድመህ የምትፈታው። ማፍሰሻውን ቀድመህ ከፍተህ ዘይቱ ከሄደ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢልህ መኪናዋ እዚያው ቀረች። የትራንስፈሩን ብቻ ሳይሆን የካምቢዮውንም እይ። በሁለቱ መሀል ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ ላስቲክ) አለ። እሱ ሲያልቅ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አታይም፣ አንዱ ግን በጥም ይቃጠላል።

የፈሰሰውን ዘይት አትድፋው። በነጭ ጨርቅ አጥልለህ የቀረውን ንገረኝ።

መምህርት_ሜካኒካል | ሰኞ ከሰዓት

ጋሼ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። ቴክኒክና ሙያ ነው የማስተምረው። የሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ግን አሳስቦኛል፣ በሱ ላይ ልጨምር።

የሃይሉክስ ትራንስፈር ሁሉ አንድ አይደለም። በዚያ ዘመን ባለ 4 ሲሊንደሮቹ ላይ ያለው በማርሽ የሚሠራ ነው፤ ኃይሉን ጥርስ በጥርስ ያስተላልፋል። ባለ 6 ሲሊንደር ቪ ሞተሮቹ ላይ የመጣው ግን ውስጡ ሰንሰለት ነው፣ ማንሻውም ከትራንስፈሩ ላይ ሳይሆን ከፊት በኩል ነው የሚገባው። ያን ገዝተህ ብትመጣ የወለልህ ቀዳዳና የካምቢዮህ ጀርባ አይቀበሉትም።

በማርሽ ከሚሠሩትም መካከል ልዩነት አለ። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ገብቶ የሚነክሰውን ጥርስ ቁጠር። እንዳንተ ካለው ካምቢዮ ጋር የሚሄደው 21 ጥርስ ነው። ከበድ ካለው ካምቢዮ ጋር የመጣው ደግሞ 23 ነው። በዓይን ሲያዩት ይመሳሰላሉ፣ ሲገጥሙት ግን አይገባም። ስትቆጥር የመጀመሪያውን ጥርስ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርግበት፣ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ቆጥረህ ሁለት መልስ ታገኛለህ። ተማሪዎቼ ሁሌ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ስለ ድምፁ ደግሞ። በአንተ ትራንስፈር ሃይ ላይ ኃይሉ በቀጥታ ያልፋል፣ አንድ ለአንድ። ሎው ስታስገባ ግን በካውንተር ማርሹ (በመሀል ባለው ማርሽ) በኩል ይዞራል፤ የሚገባው ዘንግ 2.28 ጊዜ ሲዞር የሚወጣው 1 ጊዜ ይዞራል። ጉልበት የምታገኘው ከዚህ ነው። ካውንተር ማርሹ ሃይ ላይም ይሽከረከራል፣ ግን ሸክም የለበትም። ሸክሙ የሚያርፍበት ሎው ላይ ነው። አንተ «ሎው ላይ ግን ታላዝናለች» ስትል፣ እኔ የካውንተሩን ኩሽኔታ ነው የምጠረጥረው። ካልተከፈተ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ቦርከና_75 | ሰኞ ማታ

እኔ የምነዳው ላንድክሩዘር 75 ነው። የኛ ትራንስፈር ከሃይሉክሱ ይለያል። የኛ ሃይ ላይም ቢሆን ኃይሉ በመሀል ማርሹ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ሲያልቅ በሁሉም ላይ ይጮኻል። ላንድክሩዘር ያላችሁ መምህርት ያሉትን የድምፅ ምርመራ እንዳለ አትውሰዱት።

የደረሰብኝን ልንገርህ ወንድሜ። ከ3 ዓመት በፊት ያገለገለ ትራንስፈር ገዛሁ። ከውጭ ሲታይ ታጥቦ ያብረቀርቃል። በእጅ ሳዞረው እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። «ሳይከፈት ግጠሙልኝ» አልኩ፣ ሥራ ቆሞብኝ ስለነበር። 2 ወር አልሞላም፣ ከድሮው የባሰ ጩኸት ጀመረ። ሲከፈት ውስጡ ባለ 140 ወፍራም ዘይት ነበር። ለስላሳ ያደረገውም፣ ድምፁን ያፈነውም እሱ ነው። የኩሽኔታው መሮጫ (የሚሽከረከርበት ቀለበት) በመርፌ የተወጋ ይመስል ተቦድሷል። የማውረጃና የመግጠሚያ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ጎኑ ሳይከፈት ምንም ዕቃ ቤቴ አይገባም።

ፈጣን_ሥራ | ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ትንሽ እለያለሁ። ይሄ ሁሉ መክፈት መግጠም ለሚኖረው ጊዜ ጥሩ ነው። ልጁ በየሳምንቱ ሰኞ ገበያ መድረስ አለበት። ኩሽኔታ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ፣ 400 ኪሎ ሜትር፣ ሰው መላክ ሊኖርበት ነው። ያ ሲመጣ ደግሞ አንዷ ዕቃ ትጎድላለች። ደህና ያገለገለ ካገኘ ገጥሞ ሥራውን ይቀጥል። የቆመ መኪና ቤተሰብ አያበላም።

አሮጌ_መፍቻ | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ፈጣን ሥራ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል፣ እኔም ስንቱን በዚህ ምክንያት አቻኩዬ ሠርቻለሁ። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ያገለገለውን አይግዛ አላልኩም። ይግዛው፣ ግን ይክፈተው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከሁለቱ አንድ ጤነኛ ይሥራ። ድሮ ከአሰብ ወደብ ዕቃ ሲቀርብን ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሠራው። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኋላ ደግሞ ያገለገለ መኪና ማስገባት በጣም ተወደደ። ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ ውስጣቸውን እያየን ካልያዝናቸው ግን አይዘልቁም።

የኩታበር_መንገድ | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስሯ ነው የዋልኩት።

ማንሻውን አወጣሁ። ቡሽ የለም! ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ ብቻ ቅባት ውስጥ አገኘሁ፣ ቢጫ ሆነው፣ በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ። መቀመጫ ጎማው በአንድ በኩል ተላቋል፣ ጥፍሬ ይገባል።

ዘይቱ ነው ያስደነገጠኝ። የትራንስፈሩን መሙያ ስፈታ ምንም አልወጣም። ጣቴን አጥፌ አስገባሁ፣ ዘይት አልነካሁም። የካምቢዮውን ስፈታ ግን እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ፣ ከልክ በላይ ሞልቷል። እርስዎ እንዳሉት ተሸጋግሯል። መሬት ላይ አንድም ቀን ጠብታ አይቼ አላውቅም። ለዚህ ነው ያላየሁት።

የትራንስፈሩን በእናቴ አሮጌ ነጠላ አጠለልኩት። ከተሰበረ ስፒከር ማግኔት አውጥቼ አሳለፍኩበት። ግራጫ ጭቃ የሚመስል ነገር ለበሰ። ከሱ ውስጥ ደግሞ ሦስት ስንጥር ብረት ወጣ፣ አንዷ የምስር ክክ ታክላለች፣ አንድ ጎኗ ያብለጨልጫል።

ይሄ ምን ማለት ነው?

አሮጌ_መፍቻ | ማክሰኞ ማታ

ግራጫው ጭቃ የዕድሜ ነው፣ ከሁሉም ይወጣል። ምስር ክኩ ግን የተሰነጠቀ ነገር ነው። አንድ ጎኗ ማብለጭለጯ የኩሽኔታ መሮጫ ቅርፊት መሆኗን ይነግረኛል። እንግዲህ ቡሽና መቀመጫ ጎማ ብቻ ለውጠህ የምታልፈው አይደለም። መውረድ አለበት። መምህርት የጠረጠረችው ቦታ ላይ ነን።

ያገለገለውን ሄደህ ስታይ ጥርሱን ቁጠር፣ 21 ከሆነ ጥሩ። የፊትና የኋላ ፍላንጁን (ፕሮፔለር ሻፍቱ የሚታሰርበትን ክብ ብረት) የቡሎን ቀዳዳ ከአንተው ጋር በካርቶን ለካ፤ ካርቶኑን በቀዳዳው ላይ ተጭነህ አትመው፣ ይዘኸው ሂድ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ የሚገባበት ቦታ ጤነኛ መሆኑን እይ። የፎር ዊል መብራቱ ስዊች የሚቀመጥበትንም አትርሳ። ሻጩን ደግሞ በክብር «ጋሼ፣ ዘይቱን ላፍስሰውና ጎኑን ልክፈተው» በለው። እሺ ካላለ ሰላም ብለህ ውጣ።

የኩታበር_መንገድ | ሐሙስ ማታ

ሄጄ ነበር። 21 ነው፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፣ በኖራ ምልክት አድርጌ። ካርቶኑ ልክ ገጠመ። ሻጩ መጀመሪያ ቅር አለው፣ በኋላ ግን ራሱ ቁልፍ አቀበለኝ። የካውንተር ማርሹ ጥርሶች ንፁህ ናቸው፣ ጠርዛቸው ስለት አለው። ኩሽኔታዎቹ ግን ሲዞሩ ይንኳኳሉ። ይሄን ቆጥሮ ዋጋ ቀነሰልኝ። ገዛሁት።

የሐረጎ_ሾፌር | ሐሙስ ማታ

ጎበዝ! አብሽር፣ መንገዱን ይዘኸዋል። ስታወርደው ብቻህን ደረትህ ላይ እንዳትቀበለው። ሁለት ሰው ሁኑ።

የኩታበር_መንገድ | ከ12 ቀን በኋላ

ይቅርታ ዘገየሁ። አልቋል፣ በዝርዝር ልጻፍላችሁ፣ ለሌላው ሰው ይጠቅማል።

ኩሽኔታና ኦይል ሲል በሙሉ ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ፣ የአክስቴ ልጅ ነው የላከልኝ። ናሙና ስላልነበረው የድሮዎቹን ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ይሄ ጊዜ አተረፈልኝ። የመጀመሪያው ሱቅ ሰጥቶት የነበረው አንዱ ኩሽኔታ ቁጥሩ ሌላ ነበር።

ያወረድነው ኮምቦልቻ ነው። የፊትና የኋላ ፕሮፔለር ሻፍቶቹን ከፍላንጃቸው ጋር በነጭ ቀለም መስመር አሰመርን፣ ሲመለሱ እንዳይዛቡ። ካምቢዮውን በክሪክና በእንጨት ደገፍን። ከዚያ መስቀለኛው ብረት ወጣ። ትራንስፈሩን ከካምቢዮው ጀርባ ለይቶ ማውረድ ይቻላል፣ ካምቢዮው አልወረደም። ከላይ በኩል ያለ አንድ ቡሎን ግን ጠፍቶብን ግማሽ ቀን ቀጥቅጠናል። እባካችሁ «አልላቀቅ አለ» ብላችሁ በመዶሻ ከመምታታችሁ በፊት ቡሎኖቹን ቁጠሩ።

የድሮው ሲከፈት ሁሉም ነገር ታየ። የካውንተሩ ኩሽኔታ መሮጫ ላይ ያቺ የምስር ክክ የወጣችበት ጉድጓድ አለ። ልክ በመጠኗ። ሎው የሚያስገባው ተንሸራታች ቀለበት ጥርሶች ጫፋቸው እንደ ተጠባ ከረሜላ ክብ ሆኗል። የሚገፋው ሹካ ጎኑ ተበልቷል። ቡሽ ስለሌላት ግማሽ እየነከሰች፣ እየዘለለች፣ በየዝላዩ ጥርሱን እየላጨችው ኖራለች። ስንት ጊዜ ቁልቁለት ላይ በእጄ ይዤ ወርጃለሁ። እጄ የሹካውን ጎን እየፈጨ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

የራሴን ትራንስፈር ቤት (የውጭ ሽፋኑን) ይዘን፣ ካውንተር ማርሹን፣ ተንሸራታች ቀለበቱንና ሹካውን ከተገዛው ወሰድን። ኩሽኔታ አዲስ፣ ኦይል ሲል አዲስ፣ በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መሀል ያለውም ጭምር። ማንሻው ላይ አዲስ ቡሽ፣ መቀመጫ ጎማም አዲስ። የመተንፈሻዋ ቱቦ በጭቃ ተደፍና ነበር፣ ጠርገን ከፍ አድርገን አሰርናት።

ዘይት 75ደብሊው-90 በሁለቱም፣ መሙያው አፍ ላይ እስኪደርስ። ባለ 140 አድርግበት ያለኝ ሰው ነበር። የደሴ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ በሱ ላይ ያ ወፍራም ዘይት ማርሽ አያስገባም።

መምህርት_ሜካኒካል | በዚያው ማታ

እንኳን ደስ አለህ። የመተንፈሻውን ነገር መጥቀስህ ጥሩ ነው። እሷ ስትደፈን ትራንስፈሩ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። ምናልባት ያ የመሀል ኦይል ሲል ያለቀው በዚህም ጭምር ነው።

አንድ ጥያቄ፦ የፊትና የኋላ ጎማህ መጠን እኩል ነው? ከፊት ያለቀ ከኋላ አዲስ ከሆነ፣ ፎር ዊል ስታስገባ ሁለቱ አክስሎች የተለያየ ዙር እንዲዞሩ ትራንስፈሩን ያስገድዱታል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ይቻላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ማርሹ ይወጠራል፣ ማንሻውም አልወጣ ይላል።

የኩታበር_መንገድ | በዚያው ማታ

እኩል አልነበሩም መምህርት። ሁለት ከኋላ አዲስ አድርጌ የፊቶቹን ትቼ ነበር። እናንተን ሳላውቅ በፊት፣ ከጭቃው ወጥቼ አስፋልት ላይም ሳልነቅል ቦሩ ሜዳ ድረስ የመጣሁበት ቀን አለ። ከእንግዲህ አስፋልቱን እንደረገጥኩ አወጣዋለሁ። የፊት ጎማዎቹንም በዚህ ወር እቀይራለሁ።

አሮጌ_መፍቻ | በማግስቱ ጠዋት

ደግ አድርገሃል ልጄ። አዲስ ኩሽኔታ ስለሆነ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን አፍስሰህ ያንኑ ነጠላ አውጣ። ቁልቁለቱን ግን ሞከርከው?

የኩታበር_መንገድ | በማግስቱ ማታ

ጋሼ፣ ሞከርኩት። መጀመሪያ ባዶዬን። ከዚያ 8 ኩንታል ጭኜ፣ እዚያው ሐሙስ የቆምኩበት ቦታ ላይ። ሎው፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ ሙሉ በሙሉ አነሳሁ። ሞተሩ ጉም ብሎ ያዛት። ማንሻውን አልነካሁትም። እህቴ አብራኝ ነበረች፣ ልቅር ብላኝ ነበር፣ መጣች። ወንዙ ድረስ ማንሻውን እንጂ መንገዱን አላየችም። ወንዙን ስንሻገር ነው «አልወጣም እኮ» ያለችው።

በኮምቦልቻ መንገድም ፈተንኳት፣ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ሃይ ላይ ወረድኩ። ድምፅ የለም።

የተገዛው ቤትና የፊት መውጫው ዘንግ ተርፎኛል፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ያለ፣ ኤልኤን 106 ያለው፣ ቤቱ የተሰነጠቀበት ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ። ካርቶኑንም እሰጠዋለሁ።